የሞኒተር «እምምም»፣ የክፍል ማስተጋባት፣ የሄድፎን መዘግየት፦ መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ባለ ስድስት አውታር፦

ጤና ይስጥልኝ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዱን መኝታ ክፍል ለቀረጻ ለይቼዋለሁ። ርዝመቱ 3.60፣ ወርዱ 2.80፣ ከፍታው 2.60 ሜትር ነው። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ በአጭሩ ግድግዳ መሃል፣ በሩ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ጥግ ላይ። በብዛት የምቀዳው ዘፈንና ክራር ነው፤ አልፎ አልፎ መሰንቆም አለ።

ያሉኝ ዕቃዎች፦ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ሳውንድ ካርድ ሦስተኛው ትውልድ፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ማይክ፣ ጥንድ ያማሃ ኤችኤስ5 ሞኒተር (የስቱዲዮ ስፒከር)፣ ጆሮ የሚሸፍን ዝግ ሄድፎን፣ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ከሪፐር የመቅጃ ፕሮግራም ጋር። መብራቱ ስለሚዋዥቅ ሁሉም በስታብላይዘር ነው የሚሠራው።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ምንም ሳይጫወት ሞኒተሮቹ «እምምም» ይላሉ። የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ ይብሳል። የላፕቶፑን ብረት ስነካ ደግሞ በትንሹ ይነዝረኛል።

ሁለተኛ፣ የተቀዳው ድምፅ ሻወር ቤት ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል። የእንቁላል ትሪ ለጥፌበታለሁ፣ ለውጥ የለም።

ሦስተኛ፣ ስዘፍን ድምፄ በሄድፎኑ ዘግይቶ ይመጣል።

ኤስኤም7ቢ ማይክና ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውን ባለ ሾጣጣ ስፖንጅ ልገዛ አስቤ ነበር። የትኛው ይቅደም?

ፊውዝ፦

ወንድሜ፣ አሁን ምንም አትግዛ። «ይነዝረኛል» ካልከው እንጀምር፤ ጉምጉምታውም መንዘሩም ሥራቸው አንድ ሊሆን ይችላል።

የላፕቶፕ ቻርጀር ውስጥ ጩኸት ማጣሪያ ካፓሲተሮች አሉ። ትርፏን ጥቂት ከረንት ወደ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የደኅንነት መስመር) እንዲያፈሱ ነው የተሠሩት። ኧርዝ ከሌለ ያቺ ከረንት መውጫ አጥታ የላፕቶፑን ብረት ከ220 ቮልት ግማሽ አካባቢ ላይ ታንሳፍፈዋለች። መጠኗ ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ ትነዝራለች እንጂ አትመታም። ግን በዩኤስቢው ወደ ሳውንድ ካርዱ፣ ከዚያም በኦዲዮ ኬብሉ ወደ ሞኒተሩ መንገድ ትፈልጋለች፤ አንተም በጆሮህ ትሰማታለህ።

መጀመሪያ ሶኬቱን እንለካ። ቴስተርህን ኤሲ ላይ፣ ከ220 በላይ ባለው ደረጃ አድርግ። በፌዝ (መብራት ባለበት ሽቦ) እና በኒውትራል (በመመለሻው) መካከል 220 አካባቢ ማሳየት አለበት። በፌዝና ሶኬቱ ጎን ላይ ባሉት የብረት ምላሶች መካከልም ያንኑ ያህል ማሳየት አለበት። እዚህ ላይ ዜሮ ወይም እንደ 70 እና 90 ያለ ወላዋይ ቁጥር ካየህ ምላሶቹ ለጌጥ ናቸው፤ ኧርዙ አልተገናኘም። በኒውትራልና በምላሱ መካከል ጥቂት ቮልት ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ልክ 0.0 ሆኖ ንቅንቅ ካላለ ግን ተጠራጠር፤ አንዳንድ ሠራተኛ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ አጣብቆት ይሄዳል። ያ አደገኛ ነው። ኒውትራሉ በአንድ ቦታ ቢበጠስ የሞኒተርህና የስታንድህ ብረት ሁሉ ፌዝ ይሆናል። ይህን የሚከፍተው ብሬከሩን ያጠፋ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ አንተ አይደለህም።

«የሞኒተሩን የኧርዝ እግር ቁረጠው፣ ጉምጉምታው ይጠፋል» የሚል ምክር ይመጣልሃል። ይጠፋ ይሆናል፤ ሰው የሚያድነውም መስመር አብሮ ይጠፋል። አታድርገው።

ቀጥሎ ጉምጉምታው ከየት እንደሚገባ በደረጃ ፈልግ። የሞኒተሩን ድምፅ ሁልጊዜ በምትሰማበት መጠን ተወውና፦

1. የኦዲዮ ኬብሎቹን ከሞኒተሮቹ ጀርባ ነቅለህ መብራት ብቻ ስጣቸው። አሁንም «እም» ካሉ ችግሩ ሞኒተሩ ራሱ፣ ሶኬቱ ወይም ስታብላይዘሩ ነው።
2. ኬብሎቹን መልሰህ በሞኒተሮቹና በሳውንድ ካርዱ መካከል ሰካ፣ ዩኤስቢውን ግን ተወው። እዚህ ከጀመረ ኬብሉ ነው።
3. ዩኤስቢውን ሰካ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ።
4. በመጨረሻ ቻርጀሩን ሰካ። እዚህ ላይ ብቻ ከጀመረ የኧርዝ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 2 ላይ የኬብሉን ጃክ አውጥተህ እይ። ጫፉ አጠገብ ሁለት ጥቁር ቀለበት ካለው ቲአርኤስ ነው፣ ባላንስድ ሆኖ (መንገድ ላይ የገባን ጩኸት እየሰረዘ) ይሠራል። አንድ ቀለበት ብቻ ካለው የጊታር ኬብል ነው የሸጡልህ። ሁለቱ ከሩቅ አይለዩም፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ አይለያቸውም። የ2አይ2 የጀርባ መውጫዎች ባላንስድ ናቸው፤ ኤችኤስ5ም የቲአርኤስም የኤክስኤልአርም (ባለ ሦስት እግሩ መሰኪያ) መግቢያ አለው። በመካከል አንድ ቀለበት ያለው ኬብል ከገባ ግን ያ ሁሉ ከንቱ ነው።

ራስህ የምትበይድ ከሆነ፦ የኤክስኤልአር 1 ቁጥር ሺልዱ ነው፤ 2 ቁጥር ከጃኩ ጫፍ ጋር፣ 3 ቁጥር በሁለቱ ጥቁር ቀለበቶች መካከል ካለው ብረት ጋር፣ 1 ቁጥር ከእጅጌው (ከጃኩ ግንድ ብረት) ጋር ይገናኛል። 2 እና 3 በአንደኛው ኬብል ብቻ ከተገለባበጡ ሁለቱ ሞኒተሮች ይቃረኑና ቤዙ ይጠፋል፤ የዘፋኙ ድምፅም ከመሃል መምጣቱ ቀርቶ በክፍሉ ይበተናል።

ሁሉንም ዕቃ በአንድ ዲቫይደር፣ ኧርዙ በተረጋገጠ አንድ ሶኬት ላይ ሰብስብ። ሁለት ሞኒተርና አንድ ላፕቶፕ ተደምረው 200 ዋት አይሞሉም፣ ሶኬቱ ይችላቸዋል። ሞኒተሩን ከአንድ ግድግዳ፣ ላፕቶፑን ከሌላ ግድግዳ ስትሰካ ነው ሁለት የኧርዝ መንገድ ተፈጥሮ ጉምጉምታ የሚያመጣ ዙር የሚሠራው።

ስታብላይዘሩን ከማይኩ አርቀው፣ ቢቻል ከክፍሉ አውጣው። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ያጓራል፤ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ሪሌው «ቀጭ» ይላል፣ ያም በምርጡ ቅጂህ መሃል ይገባል። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ ሞኒተሩን «ዝዝዝ» ያሰኘዋል፤ መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክቱን ሴቭ ለማድረግ ይጠቅምሃል እንጂ ለማዳመጥ አይሆንም።

ጩኸቱን በዓይነቱም ለየው። ወፍራም «እምምም» የኧርዝ ወይም የትራንስፎርመር ነው። መስመራችን 50 ኸርዝ ቢሆንም ኤችኤስ5 ያን ያህል ወርዶ ስለማያወጣ የምትሰማው በአብዛኛው እጥፎቹን፣ 100 እና 150ን ነው። ሾል ያለ «ዝዝዝ» ዲመር ያለው አምፖል ወይም የማይረባ የስልክ ቻርጀር ነው። ማውሱን ስታንቀሳቅስ የሚለዋወጥ «ጺጺጺ» ደግሞ በዩኤስቢው የሚገባ የኮምፒውተሩ ጩኸት ነው፤ ሀብ ትተህ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካው፣ ሌላኛውንም ቀዳዳ ሞክር።

አበራሩም ሥርዓት አለው፦ ሞኒተር መጨረሻ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል። ለኮንደንሰር ማይኩ የሚላከውን 48 ቮልት ስታበራና ስታጠፋም ሞኒተሩን ዝቅ አድርግ።

ብሎኬትና ሞራሌ፦

የመብራቱን ነገር ፊውዝ ጨርሶታል። እኔ ወደ ሻወር ቤቱ ልግባ።

የእንቁላል ትሪውን አውርደው። ካርቶን ስስ ነው፤ በጣም ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይበትናል፣ ሌላውን ሁሉ ያሳልፈዋል። ባለ ሾጣጣ ስፖንጁም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ሂሳቡ እንዲህ ነው። ድምፅ የሚመጥ ነገር በደንብ የሚሠራው ውፍረቱ የሞገዱን ሩብ ሲያክል ነው። ድምፅ በሴኮንድ 344 ሜትር ይሄዳል ብንል፣ 2.5 ሳንቲም ስፖንጅ በደንብ የሚይዘው ከ3400 ኸርዝ ወዲያ ያለውን ነው፤ ከዚያ በታች እየደከመ ይሄዳል። የሻወር ቤት ጠባይ ያለው ግን ከ200 እስከ 1000 ባለው ውስጥ ነው። ክፍሉን በሙሉ በስስ ስፖንጅ ብትሸፍን ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል፣ ጉምታው ቁጭ ይላል። ከማስተጋባቱ የባሰ ውጤት ነው።

10 ሳንቲም ውፍረት ያለው ፓኔል ከግድግዳው 10 ሳንቲም ብታርቀው 20 ሳንቲም እንደሆነ ያህል ይቆጠርና እስከ 430 ኸርዝ በደንብ ይወርዳል። ክፍተቱ አየር ነው፣ አይገዛም።

አሠራሩ ለማንኛውም አናጢ ቀላል ነው። ወርዱ 10 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲም ተኩል የሆነ ጣውላ ያዝ። ለአንድ ፓኔል ሁለት 120 ሳንቲም፣ ሁለት 55 ሳንቲም ቁረጥ፤ ሲገጣጠም 120 በ60 ይሆናል። ውስጡ ባለ 5 ሳንቲም ግላስ ውል ሁለት ድርብ ግባ። ማስክና ጓንት አድርግ፣ እጅጌህን አውርድ፤ ብናኙ ቆዳ ይበላል። ፊቱንም ጀርባውንም አቡጀዴ ወጥረህ በስቴፕለር ምታ። አቡጀዴውን ከመግዛትህ በፊት አፍህ ላይ አድርገህ ንፋበት፤ ትንፋሽህ ካለፈ ድምፅም ያልፋል። ግላስ ውሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሆነ የፊቱን አውጣው፣ አለዚያ ቀጭኑን ድምፅ መልሶ ያነጥራል።

ግላስ ውል ካጣህ የሰልባጅ ብርድ ልብስ አጣጥፈህ እስከ 10 ሳንቲም ሙላው። ከባድ ይሆናል እንጂ ይሠራል። የፍራሽ ስፖንጅም ትንፋሽ የሚያሳልፍ ከሆነ ይሆናል፤ ግን በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው፣ ከአምፖልና ከምድጃ አርቀው።

ለአንተ ክፍል ስምንት ፓኔል በቂ ነው። አራቱን መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ሁለት ጥጎች ላይ ሁለት ሁለት አድርገህ ደራርባቸው፤ 2.40 ይሆናሉ፣ ከኮርኒሱ 20 ሳንቲም ይቀራል። ጥጉን በሰያፍ ይቁረጡት፤ ቤዝ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሁለቱን በግራና በቀኝ ግድግዳ፣ ሁለቱን ከኋላ አድርግ። የጎኖቹን ቦታ ለማግኘት ወንበርህ ላይ ተቀመጥና ሌላ ሰው በግድግዳው ላይ መስታወት ያንሸራትት። ሞኒተሩ መስታወቱ ውስጥ የታየህ ቦታ ላይ የፓኔሉን መሃል ስቀል። ሴራሚኩ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ እጥፋት የበዛበት መጋረጃ ጨምር።

ጠረጴዛህን መስኮቱ ወዳለበት አጭር ግድግዳ አዙር፤ ረጅሙ 3.60 ከጀርባህ ይሁን። ግራና ቀኝህ እኩል ይሁኑ፣ ከሁለቱም ጎን 1.40። ጆሮህ ከፊት ግድግዳው 1.37 ሜትር ላይ ይረፍ፣ የርዝመቱ 38 በመቶ ነው። የክፍሉ መሃል፣ 1.80 ላይ፣ አትቀመጥ፤ እዚያ 48 ኸርዝ ይጠፋልሃልና ቤዝ ትጨምራለህ፣ መኪና ውስጥ ሲጫወት መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ሞኒተሮችና ጭንቅላትህ ጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ለዚህ ክፍል 1 ሜትር አካባቢ ይበቃል። ትንሿ ስፒከር በጆሮህ ትክክል ትሁን።

የክፍልህ እውነተኛ ጠላት ግን ሌላ ነው። ወርዱ 2.80 ስለሆነ 61 ኸርዝ ላይ ይጮሃል፤ ከፍታው 2.60 ስለሆነ 66 ላይ። ሁለቱ ተደጋግፈው እዚያ አካባቢ ያለችውን የቤዝ ኖታ ብቻዋን ያሳብጧታል። ፓኔል ይህን አያጠፋውም፣ ያለዝበዋል። ስለዚህ ከ100 በታች ያለውን ፍርድ ለሄድፎን ተው። ኤችኤስ5 ጀርባው ላይ «ሩም ኮንትሮል» የሚባል ማብሪያ አለው፤ ከ500 ኸርዝ በታች 2 ወይም 4 ዲሲቤል ይቀንሳል። ሞኒተሩ ግድግዳ አጠገብ ስለሚሆን ከቀነስ 2 ጀምር። ከጀርባው ቀዳዳ ስላለው ግን ግድግዳው ላይ አታጣብቀው፣ ቢያንስ 10 ሳንቲም ተውለት።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ይህ ሁሉ የክፍሉን ውስጥ ያስተካክላል እንጂ የጎረቤትን ቴሌቪዥን አያግድም። ለእሱ ክብደትና ቀዳዳ መድፈን ነው፦ የበሩን ዙሪያ በጎማ፣ ከሥሩ ያለውን ክፍተትም እንዲሁ።

ቀጭኑ ሽቦ፦

ለምን ታደክሙታላችሁ? ኤቲ2020ን ሸጦ ኤስኤም58 ይግዛ። እንደ ኤቲ2020 ያለ ኮንደንሰር ማይክ ክፍሉን ሁሉ ይሰበስባል፣ እንደ ኤስኤም58 ያለ ዳይናሚክ ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚሰማው።

ዜማ ቀጂዋ፦

ይህ ነገር በየቦታው ይባላል፣ ግን ምክንያቱ ተገልብጦ ነው። ሁለቱም ካርዲዮይድ ናቸው፤ ከፊት ይሰማሉ፣ ከኋላ ይቀንሳሉ። የሚለያዩት ለእኩል ድምፅ በሚያወጡት ሲግናል ብርታት ነው። ኤቲ2020 ቀነስ 37 ዲሲቤል፣ ኤስኤም58 ቀነስ 54.5፤ ልዩነቱ 17.5 ነው። ሰው ኤስኤም58ን ከንፈሩ ላይ አስጠግቶ፣ ኮንደንሰሩን 40 ሳንቲም አርቆ ያወዳድርና «ዳይናሚኩ ክፍሉን አልሰማም» ይላል። ክፍሉን ያጠፋው ርቀቱ ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የአፉ ድምፅ 6 ዲሲቤል ይጨምራል፤ ማስተጋባቱ ግን ባለበት ይቆያል። ሁለቱን 15 ሳንቲም ላይ አድርጋችሁ በጌይን (በማጉያ ቁልፉ) አስተካክሏቸው፣ የክፍሉ መጠን እጅግ ተቀራራቢ ይሆናል።

ኤስኤም7ቢ ደግሞ ከኤስኤም58 ይብስ ደካማ ነው፣ ቀነስ 59። ወደ 60 ዲሲቤል የሚጠጋ ንጹሕ ጌይን ይጠይቃል፤ የሦስተኛው ትውልድ 2አይ2 ያለው 56 ነው። ቁልፉን እስከ መጨረሻ አዙረህ «ሽሽሽ» ልትቀዳ፣ ወይም ለመካከለኛ ማጉያ ሌላ ገንዘብ ልታወጣ። አሁን አያስፈልግህም።

ወንድሜ፣ ለዘፈን እንዲህ አድርግ። ካርዲዮይድ ማይክ የሚያየው አንተንና ከአንተ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ፓኔሉ ወይም ወፍራም ብርድ ልብሱ መሰቀል ያለበት ከዘፋኙ ጀርባ ነው። ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ጋሻ አቁሞ ራሱ ባዶ ብሎኬት ተደግፎ ይዘፍናል፤ ማይኩ በደካማ ጎኑ ያለውን ሸፍኖ በጠንካራ ጎኑ ያለውን እንደመክፈት ነው። ከኋላ ያሉትን ሁለት ፓኔሎች እግር አብጅላቸውና በቀረጻ ጊዜ ከጀርባህ በመጽሐፍ ቅርጽ አቁማቸው።

ከክፍሉ መሃል ወጣ በል፣ ጥግም አትግባ። ፖፕ ፊልተሩ ከማይኩ 7 ሳንቲም፣ አፍህ ከፊልተሩ 8 ሳንቲም። ፊልተር ከሌለህ ስቶኪንግ ሁለት ድርብ አድርገህ በክብ ሽቦ ላይ ወጥር፣ ያው ነው። «ጰ» እና «ፐ» አሁንም ከፈነዱ ማይኩን በአፍንጫ ከፍታ አድርገህ ትንሽ ወደ ታች አዘንብለው፤ ትንፋሹ ከሥሩ ያልፋል። የኤቲ2020 ፊት በጎኑ በኩል፣ አርማው ያለበት ነው፤ በአናቱ የሚዘፍንበት አለና።

ጌይኑን የዘፈኑን ኃይለኛ ቦታ እየዘፈንክ አስተካክል፤ ከፍተኛው ከቀነስ 12 እስከ ቀነስ 10 ይምታ። ቀይ ሊነካ እየተጠጋ መቅዳት የቴፕ ዘመን ልማድ ነው። በ24 ቢት ስትቀዳ ዝቅ ማለት ምንም አይጎዳህም፤ የተቆረጠ ድምፅ ግን አይመለስም። ሰው ልምምድ ላይ ቀዝቅዞ «ቀረጻ!» ሲባል በ6 ዲሲቤል እንደሚጨምርም አስብ። 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ነው፤ አሥር ትራክ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 432 ሜጋባይት ይይዛል። ቦታ ለመቆጠብ ብለህ አትቀንስ።

ባለ ስድስት አውታር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በፊውዝ ደረጃ ሄድኩ፤ 2 ላይ ጀመረ። ጃኮቹ አንድ ቀለበት ናቸው። የተዋስኳቸውን ሁለት የቲአርኤስ ኬብሎች ስሰካ እስከ ደረጃ 3 ጸጥ አለ፣ ደረጃ 4 ላይ ግን ቀጭን «እም» ይመለሳል። ቴስተሩ በፌዝና በምላሱ መካከል 84 ብሎ ይወላውላል።

ሌላ ሁለት ነገር፦ ሦስተኛዋን የመዘግየቱን ጥያቄ ማንም አልነካትም። ክራሬ ደግሞ ፒክአፕ ተገጥሞለታል፤ ስሰካው ድምፁ ቆርቆሮ ይሆናል።

ፊውዝ፦

84 ማለት ኧርዝ የለህም ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የኧርዝ ባር ይይ፤ ሽቦው እዚያ ደርሶ ሶኬቱ ውስጥ ሳይታሰር ቀርቶ ከሆነ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ባሩ ራሱ ባዶ ከሆነ የሕንፃው ጉዳይ ይሆናል። ራስህ ወደ ውሃ ቧንቧ አትዘርጋ፤ ቧንቧው በመሃል ፕላስቲክ ከሆነ ያንተን ፌዝ ለጎረቤት ሻወር ትልካለህ። እስከዚያ ስትቀዳ ቻርጀሩን ንቀልና በባትሪ ሥራ።

ክራሩ ቆርቆሮ የሆነው ፒክአፑ ፒየዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዓይነት) ስለሆነ ይመስላል። ፒየዞ 1 ሜጋ ኦም ያህል የሚቀበለው መግቢያ ይፈልጋል። አንተ ላይን ላይ ሰክተኸው ይሆናል፤ እዚያ በአሥር ሺዎች ኦም ብቻ ስለሆነ ቤዙን ያፈስሰዋል። ሳውንድ ካርዱ ፊት ላይ «ኢንስት» የሚለውን ተጫን። እዚህ ጋ ደግሞ ኬብሉ ባለ አንድ ቀለበት መሆን አለበት፤ ያወጣሃቸውን ሁለቱን አትጣላቸው።

ዜማ ቀጂዋ፦

መዘግየቱን እኔ ልመልስ። ሪፐር ውስጥ ኦፕሽንስ፣ ፕሪፈረንስስ፣ ዲቫይስ ግባና ኦዲዮ ሲስተሙን አሲዮ (ASIO፣ መዘግየት የሚቀንስ የድራይቨር ዓይነት) አድርግ፤ ከዝርዝሩ የፎከስራይትን የራሱን ምረጥ። አሲዮ4ኦል የራሱ ድራይቨር ለሌለው ዕቃ ነው፣ ካለህ አራግፈው። በፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የድምፅ ቁራጭ) ስትቀዳ 128 ሳምፕል አድርግ፣ በ48 ኪሎኸርዝ 2.7 ሚሊሴኮንድ ነው። መግቢያ፣ መውጫና መለወጫው ሲደመር 10 አካባቢ ይሆናል። ስትሚክስ ወደ 1024 መልሰው፤ አለዚያ ፕለጊን ሲበዛ «ጠቅ ጠቅ» ይላል። በ128ም «ጠቅ» ካለ ዋይፋዩን አጥፋ፣ የዊንዶውስን ፓወር ፕላን ከቁጠባ አውጣ፣ ዊንዶውስና ሪፐር ሁለቱም 48 ላይ መሆናቸውን እይ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለዘፈን ሳውንድ ካርዱ ላይ ያለውን «ዳይሬክት ሞኒተር» ሞኖ ላይ አብራው። ድምፅህ ኮምፒውተሩ ሳይገባ በቀጥታ ጆሮህ ይደርሳል። ግን የትራኩን ሬኮርድ ሞኒተሪንግ አጥፋ። ሁለቱም ክፍት ሲሆኑ ራስህን ሁለት ጊዜ ትሰማለህ፤ ድምፅህ በቱቦ ውስጥ ያለፈ ይመስላል። ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) ሳይሰማ የማይዘፍን ዘፋኝ ከመጣ ሬኮርድ ሞኒተሪንጉን መልሰህ አብራ፣ ትራኩ ወደ ማስተር የሚሄድበትን መንገድ ግን ዝጋና ወደ ሪቨርብ የሚሄደውን ሴንድ ብቻ ክፈትለት። ሪቨርቡ 10 ሚሊሴኮንድ ቢዘገይ ማንም አያውቅበትም።

ክራሩን በፒክአፕ ብቻ አትቅዳው። ማይኩን ከሳጥኑ ቆዳ 30 ሳንቲም ላይ፣ ከሚመታው እጅ ትንሽ ወደ ጎን አድርግ፤ ወደ ላይኛው መስቀያ እንጨት አታዙረው፣ እዚያ የጣት መንሸራተት እንጂ ድምፅ የለም። ፒክአፑን ከሥሩ በትንሹ ጨምርበት። 30 ሳንቲም ለድምፅ 0.87 ሚሊሴኮንድ ነው፣ በ48 ኪሎኸርዝ 42 ሳምፕል። የማይኩን ትራክ ቀድሞ እንዲመጣ 42 ሳምፕል ወደ ግራ ጎትትና ሁለቱን አብረህ አዳምጥ፤ ከዚያ የአንዱን ትራክ ፌዝ (የሞገዱን አቅጣጫ፣ የመብራቱን ሽቦ አይደለም) ገልብጠህ እንደገና አዳምጥ። ወፈር ብሎ የሚሰማው ትክክለኛው ነው።

ቀጭኑ ሽቦ፦

እሺ እህቴ፣ በማይኩ ተሸንፌያለሁ። አንድ ሰው መሰንቆ እየመታ አብሮ ሲዘፍንስ? አንድ ማይክ ይበቃል?

ዜማ ቀጂዋ፦

ያንተ ኤስኤም58 የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አፉ ላይ እሱን 10 ሳንቲም አስጠጋው፣ ጀርባው ወደ መሰንቆው ይዙር። ኤቲ2020ን ለመሰንቆው አድርገው፤ ከሳጥኑ ቆዳ 35 ሳንቲም፣ ጀርባው ወደ አፉ ይዙር። የፈረስ ጭራው ዕጣን ስለሚቀባ ደጋኑ አውታሩን የሚነካበት ቦታ ይፋጫል፤ ማይኩን ወደዚያ ሳይሆን ወደ ሳጥኑ የታች ጥግ አነጣጥረው። በሁለቱ ማይኮች መካከል ቢያንስ 60 ሳንቲም ይኑር። የመሰንቆውን ትራክ ከ100 ኸርዝ በታች ቁረጠው፤ እዚያ የሚገባው የእግሩ ምት ነው። ባዶ ሴራሚክ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ የማይኩ ስታንድ እግር ሥር የታጠፈ ፎጣ አስቀምጥ።

ሁለቱ ድምፆች መቶ በመቶ እንደማይለያዩ ለዘፋኙ ቀድመህ ንገረው። አንዲት ስንኝ ከተበላሸች ሁለቱን አብሮ ነው የሚደግመው።

ባለ ስድስት አውታር፦

ስለ ጣውላው፣ ብሎኬትና ሞራሌ፦ ለስምንቱ ፓኔል ስንት ሜትር ልዘዝ?

ብሎኬትና ሞራሌ፦

ለአንዱ 3.50 ሜትር፣ ለስምንቱ 28። ለመጋዝና ለተሰነጠቀ ጨምረህ 32 እዘዝ። ግላስ ውሉ በፓኔሉ የውጭ መጠን ሲሰላ በድርብ 11.5 ካሬ ነው፣ 12 ውሰድ። አቡጀዴው ወርዱ 90 ከሆነ ለአንዱ ፓኔል ፊትና ጀርባ 2.80 ሜትር ይበቃል፤ ከመወጠርህ በፊት እጠበውና ይሰብሰብ፣ ከተሰቀለ በኋላ ክረምት ላይ ይላላል።